ዶክተር ያልነበረው ማርቆስ

ማርቆስ መሞቱን የሰማሁት አልዱባ ገበያ፣ የአንዲት ነጭ ፍየል አፍ ከፍቼ ጥርሷን ሳይ ነው። አንድ የጂንካ ጨው ነጋዴ ከኋላዬ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገና፣ «ጋሽ ጴጥሮስ፣ ያ የሆስፒታላችሁ ዶክተር፣ ማርቆስ፣ ሃና ከተማ፣ ልጁ ቤት አረፈ አሉ» አለኝ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ «ዶክተር አልነበረም» የሚል ነው። ነጋዴው ክው አለ። ሰው ሞተ ሲሉት እንዲህ ብሎ የሚመልስ ሽማግሌ አይቶ አያውቅም መሰለኝ። እኔ ግን ማርቆስን አውቀዋለሁ። ዶክተር ሲሉት ሰምቼ ዝም ብል ከተኛበት ተነስቶ ያርመኝ ነበር።

ፍየሏን ለቀቅኳት። በዚያ ቀን ፍየል አልገዛሁም።

ማርቆስ ወደ ጂንካ የመጣው ደርግ ወድቆ አዲሱ መንግሥት ከገባ ብዙም ሳይቆይ ነው። እኔ ያኔ የሆስፒታሉ ዘበኛ ነበርኩ። ከጭነት መኪና ላይ ሹራብ ለብሶ ወረደ። የጨንቻ ሰው ስለሆነ ብርድ በሄደበት አገር ሁሉ የሚከተለው ይመስለዋል፤ በዚያ ሙቀት ሹራቡን ለማውለቅ አንድ ዓመት ፈጀበት። በእጁ የእንጨት ሳጥን ይዟል። ፍተሻ ነው፣ ክፈት አልኩት። «ጋሼ፣ ልክፈትልህ፤ ግን አትተንፍስበት» አለኝ። ውስጡ በጥጥ የተጠቀለለ የማይክሮስኮፕ መስታወት ነው። ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ አንዳችን ሌላችንን ስናዝዝ ኖርን።

ሰው ሁሉ ዶክተር ይለዋል። እዚህ አገር ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ የምግብ ቤቱን ሠራተኛ እንኳ ዶክተር ያሉበት ጊዜ አለ። ሌላው ሰው ሲሉት ደስ ይለዋል፣ ዝም ይላል። ማርቆስ ግን ሥራውን አቁሞ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ፣ «ዶክተሩ እዚያ ማዶ ነው። እኔ ላብራቶሪ ነኝ» ይላል። በቀን ሃያ ሰው ቢጠራው ሃያ ጊዜ ይላል። በኋላ ከተማው ሰለቸውና «ማርቆስ ላብራቶሪ» ይለው ጀመር፤ ላብራቶሪ አባቱ እስኪመስል ድረስ። ልጁ ትምህርት ቤት ስትገባ መዝጋቢው የአያት ስም ላብራቶሪ ብሎ ሊጽፍ ነበር ይባላል። እኔ አላየሁም፣ ግን አምናለሁ።

ጣቶቹ ሁልጊዜ ወይን ጠጅ ነበሩ። ጀርም የሚያቀልምበት ቀለም ነው፤ በሳሙና አይለቅም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲያጨበጭብ እጁ ከሩቅ ይታያል። የመዘምራኑ ሴቶች «ማርቆስ፣ ዛሬም ወይን ጠምቀህ ነው የመጣኸው?» ይሉታል። እሱ ይስቃል፣ እጁን ግን አይደብቅም።

መብራት ሲጠፋ፣ ይጠፋ ነበር መቼስ፣ ማይክሮስኮፑን ወደ መስኮቱ ይወስድና በታችኛው መስታወት ፀሐይ ይለቅምበታል። እኔ በመስኮቱ በኩል ካለፍኩ፣ «ጋሼ፣ ጥላህ ወባዬ ላይ ወደቀ» ይለኛል። አንዳንዴ ሆን ብዬ አልፋለሁ።

የሚጽፈው በእርሳስ ነው። ቢሮ ውስጥ እስክሪብቶ ሞልቶ እሱ እርሳስ ይቀርጻል። ጠርሙስም ሆነ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ስስ ብርጭቆ፣ ከሰው የወጣ ነገር ሁሉ ላይ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ ግራ ከሆነ ግራ፣ ቀኝ ከሆነ ቀኝ ይጽፋል። አንድ ቀን ለምን እንዲህ ትደክማለህ አልኩት። የእስክሪብቶ ቀለም አልኮል ሲነካው እንደሚሄድ፣ ከዚያ ጠርሙሱ የማንም እንደሚሆን ነገረኝ። «በዚህ ግቢ ውስጥ ዛሬ ስንት እስራኤል ተኝቷል?» አለኝ። ሦስት ነበሩ። አያቱን ካልጻፍክ የአንዱን እስራኤል በሽታ ለሌላው ትሰጣለህ ማለቱ ነው።

አንድ ጊዜ ለወባ ሥራ ዲመካ ሄድን። እኔ ዕቃ ጠባቂ ሆኜ ነው። በገበያው ቀን ከሰው ጣት ደም እየወሰደ ብርጭቆ ላይ ይቀባል። አንድ የሐመር ሽማግሌ በርኮታው፣ በትንሿ የእንጨት መቀመጫው ላይ ተቀምጦ ሲያየው ውሎ በመጨረሻ በአስተርጓሚ ጠየቀው። ደማችንን ባለፈውም ወስዳችኋል፣ የት ታደርሱታላችሁ፣ መልሶ ያመጣ አንድም ሰው አላየሁም አለ። አብረውን የነበሩት የወረዳ ሰዎች ሳቁ። ማርቆስ አልሳቀም። ልክ ነህ አለው። በሚቀጥለው ገበያ፣ ማንም ሳያዘው፣ በራሱ የዕረፍት ቀን፣ በሚኒባስ ማይክሮስኮፑን ጭኑ ላይ አድርጎ ዲመካ ሄደ። የሽማግሌውን ብርጭቆ ከሳጥኑ አውጥቶ፣ ፀሐይ ለቅሞ፣ «የራስህ ነው፤ እይ» አለው። ሽማግሌው ብዙ ጊዜ አጎንብሶ ቆየ። ቀና ሲል ምን እንዳለ ማርቆስ ነግሮኛል፤ ከብቶቼ ይህን ያህል አይበዙም አለ አሉ።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉዳይ ልምጣ። ያለዚህ ጉዳይ ስለ ማርቆስ መናገር አልችልም።

ዕድሜዬ ከሃምሳ ሲያልፍ ፊቴ መጋል ጀመረ። ከአንገቴ ይነሳና እሳት የተጠጋሁ ይመስል እስከ ግንባሬ ይወጣል፤ ዓይኔ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቀኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ይሄዳል። ከዚያ ወደ መጸዳጃ ያስሮጠኛል። ይህ ሁሉ በስብከት መሃል ይሆናል። እኔ ደግሞ አረቄ ካቆምኩ ብዙ ዓመቴ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ግን ዓይን የላቸውም ወይ? ሁለቱ ቤቴ መጥተው በፍቅር ይመክሩኝ ጀመር። ወንድም ጴጥሮስ፣ ሰው ይወድቃል፣ ዋናው መነሳት ነው አሉኝ። አልጠጣሁም አልኩ። የሚጠጣ ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል አሉኝ። ባለቤቴ ማርታ ሳይቀር ማታ ማታ አፌን ታሸት ጀመር።

ያኔ የግራ ቆለጤ አብጦ ነበር። የዘር ፍሬ የሚሉት ሐኪሞች ናቸው፤ እኔ ቆለጥ እላለሁ። ጠንክሮ፣ የበሰለ ዘይቱን ያህል ሆኗል። ይህንንና የፊቴን ነገር አላገናኘሁም። ማን ያገናኛል? ለማንም አልተናገርኩም። ሁለት ዓመት ተሸክሜ ዞርኩ።

ማርቆስ ያወቀብኝ በወንበሬ ነው። እኔ ተቀምጦ በመጠበቅ የታወቅሁ ዘበኛ ነኝ። አንድ ጠዋት መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ጋሼ፣ ስንት ዓመት ቁጭ ብለህ የጠበቅከውን በር አሁን ለምን ቆመህ ትጠብቃለህ?»

«ትጋት ነው» አልኩት።

«ትጋት በዚህ ዕድሜ አይጀምርም» አለና ወደ ታች አየኝ።

ሂድ ወደ ሥራህ አልኩት። ሄደ። ግን ወደ ሥራው አልሄደም፤ ወደ ማርታ ሄደ። በምሳ ሰዓት ማርታ ምሳ ዕቃ ይዛ መጣችና ሁለት ነርሶች እየሰሙ፣ «ወይ አሁን ትገባለህ፣ ወይ እዚሁ በር ላይ እኔው እገልጥሃለሁ» አለችኝ። ገባሁ። ሐኪሙ መብራት አጥፍቶ ባትሪ ከኋላው ያዘበት። ውሃ ቢሆን ብርሃኑ ያልፍ ነበር አለ። የእኔ አላሳለፈም። ጠቅላላ መውጣት አለበት፤ በብሽሽት በኩል ነው የሚወጣው፤ ቆርሶ መውሰድ የለም፣ ከተቆረሰ ይዘራል አለኝ። አንዱ ይበቃሃል ብሎም ሊያጽናናኝ ሞከረ። አንተም አንዱን አውጣና እንነጋገር አልኩት።

ወጣ። ማርቆስ ተቀብሎ ፎርማሊን ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከተተውና በእርሳስ ጻፈበት፤ ስሜን፣ አባቴን፣ አያቴን፣ ግራ። አብሮት የሚሄደውን ወረቀት ሲሞላ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ጠየቀኝ። መቼ አበጠ፣ ከሳህ ወይ፣ ሳል አለህ ወይ። ከዚያ እርሳሱን አቁሞ፣ «የፊትህን ነገር ንገረኝ» አለ። አልናገርም አልኩ። ያ ወረቀት በሽማግሌዎቹ እጅ ቢገባ ጠጪ ተብዬ የምቀር መሰለኝ። እሱ ግን በስብከት ጊዜ ከእኔ ሁለት አግዳሚ ኋላ ነው የሚቀመጠው፤ ስንት ጊዜ ተነስቼ እንደሮጥኩ፣ በሥራ ቀንም ስንቴ በሩን ትቼ እንደሄድኩ ቆጥሯል። የራሱን ጻፈ። «ይህ ሰው አይጠጣም፤ ፊቱ ይግላል፤ በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ያስቀምጠዋል» ብሎ ጻፈና አነበበልኝ። አይጠጣም ያለልኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ቢሆንም ተቆጣሁ።

ጠርሙሱ አዲስ አበባ መሄድ አለበት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ስስ አድርጎ ቆርጦ የሚያይ ሐኪም እዚህ የለም። ማርቆስ ለሰው አልሰጥም አለ። ራሱ በአውቶቡስ ጭኑ ላይ አድርጎ ወሰደው። ሁለት ቀን መንገድ ነው። ገና አርባ ምንጭ ሳይደርሱ አጠገቡ የተቀመጠችው ሴት፣ ማር ነው? ትለዋለች። ማር ነው ብሎ ዝም ማለት ይችል ነበር። ማርቆስ ነው እንግዲህ። «አይ፣ የሰው ቆለጥ ነው» አላት። ሴትዮዋ ተነስታ ሄደች። እስከ አዲስ አበባ ወንበሩን ብቻውን ይዞ ሄደ። ችግሩ ያ አይደለም። ችግሩ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ የጂንካ ሰው ሆኖ አንገቱን አስግጎ የጠርሙሱን ጽሕፈት ማንበቡ ነው። ማርቆስ ሳይመለስ ወሬው ተመለሰ። ገበያ ስወጣ ልጆች ሳይቀሩ ሱሪዬን ያያሉ። አንዱ ሥጋ ሻጭ፣ ጋሽ ጴጥሮስ፣ ግማሽ ኪሎ ጎድሎብሃል አሉ አለኝ።

ማርቆስ ሲመለስ አላናገርኩትም። ሰላም ሲለኝ በሩን እከፍታለሁ፣ በሩን እዘጋለሁ፤ ያ ሥራዬ ነው፤ ሌላ የለም። እንደዚያ አንድ ወር ሄደ። እሱ በየጠዋቱ ከሥራ ሰዓት ቀደም ብሎ መጥቶ ከጎኔ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ምንም አይልም። ሰዓቱ ሲደርስ ይነሳል። አንድ ጠዋት ግን ተናገረ።

«ጨርቅ ልጠቀልልበት ይገባኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ስምህን ግን አሁንም እጽፈዋለሁ። ስምህ ባይኖር የሌላ ሰው ትሆን ነበር።»

ተነስቼ በሩን ከፈትኩለት። ግን በማግስቱ ድንጋዩ ላይ ካርቶን አነጠፍኩለት።

ውጤቱ መጣ። ያየችው ሐኪም ሴት ናት፤ ለማርቆስ በስልክ ራሷ ደወለችለት። መጀመሪያ ስታየው ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ የሚወጣው ዓይነት ካንሰር መስሏት ነበር አሉ። ያ ቢሆን ፀጉር የሚያረግፈውን ብርቱ መድኃኒት ልጀምር ነው። ከዚያ የማርቆስን የእርሳስ ጽሑፍ አነበበች። ፊቱ ይግላል፣ አይጠጣም። ቆም አለች። ሌላ ልዩ ቀለም አምጥታ እንደገና አቀለመችው፤ ያ ቀለም የሚይዘው አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ነው። ያዘ። ኒውሮኢንዶክራይን ይባላል አለችው። ደም ውስጥ ቅመም የሚረጭ እባጭ ነው፤ ፊቴን ያጋለውም፣ ያስሮጠኝም እሱ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንጀት ላይ ነው የሚወጣው፤ ቆለጥ ላይ እምብዛም አይታይም፤ እሷ ራሷ እዚያ ቦታ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው።

ማርቆስ አንዱን ብርጭቆ ለምኖ አስመጣና ጠራኝ። «የራስህ ነው፤ እይ» አለኝ። አጎነበስኩ። ከኮረብታ ላይ ሆነህ የበና ሰው የፍየል በረት ቁልቁል ስታይ እንዴት ነው? እንደዚያ ነው። ክብ ክብ ሆነው ተጠጋግተው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥ አያንስ። ክፉ አይመስሉም አልኩት። «ክፉ ናቸው፤ ግን አይቸኩሉም» አለኝ።

ቀጥሎ የነገረኝ ግን አያስቅም። ሐኪሟ አንድ ነገር ማወቅ ትፈልጋለች። ይህ ነገር እዚያው ቆለጤ ላይ የበቀለ ነው ወይስ እናቱ አንጀቴ ውስጥ አለች? እዚያው በቅሎ ከሆነ ወጥቷል፣ አበቃ፤ በየዓመቱ እየታየሁ እኖራለሁ። ከአንጀት የመጣ ከሆነ የወጣው ቅርንጫፉ ነው፤ ግንዱ ቀርቷል፤ ያኔ ሌላ ወሬ ነው። ይህን ለማወቅ የአንድ ሙሉ ቀን ሽንት ይመረመራል። የተረፈ እባጭ ካለ ቅመሙ ሽንት ውስጥ ይገኛል።

ማርቆስ ጀሪካን ሰጠኝ። ከሽንቱ በፊት ሦስት ቀን፣ በሽንቱም ቀን፣ ሙዝ እንዳትበላ፣ አናናስ እንዳትበላ፣ አቮካዶ እንዳትበላ፣ ቅመሙ እነሱም ውስጥ አለ አለኝ። በእርሳስ ጽፎም ሰጠኝ። እኔም ገባኝ አልኩ። ጀሪካኑን ሞላሁ፤ ለክቶ፣ ከላዩ ቀድቶ፣ ስሜን እስከ አያቴ ጽፎ፣ በጨርቅም ጠቅልሎ ላከ።

ውጤቱ ከፍተኛ ነው ተባለ። ከልክ በላይ።

ማርታ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ታላቅ ወንድሜን ጠርቼ ድንበሬን አሳየሁት፤ እስከዚህች ግራር ድረስ የእኔ ነው፣ ከእኔ በኋላ ልጆቼን እንዳትነካቸው አልኩት። መጋቢው መጥቶ ጸለየልኝ። አዲስ አበባ ሄጄ ሆዴን እንዲከፍቱ ቀን ተያዘ። እኔ አልሄድም አልኩ። እዚሁ እሞታለሁ፣ አንዴ ቆርጣችሁኛል ይበቃል አልኩ።

ሁሉም አመነ። ማርቆስ ብቻ አላመነም። ከተቆረጥክ ወዲህ ፊትህ ግሎ ያውቃል? አለኝ። አያውቅም አልኩ። ትሮጣለህ? አልሮጥም። «እንግዲህ አንተ ደህና ነኝ ትላለህ፤ ሽንትህ አይደለም ይላል። አንዳችሁ ትዋሻላችሁ» አለኝ። እነዚያን ቀናት ምን እንደበላሁ ጠየቀኝ። ቆጮና ጎመን፣ ባቄላ፣ ማርታም ምስክር ናት አልኩት። ሙዝ? አልበላሁም። ማርታም አልበላም አለች። እኔ እኮ አልዋሸሁም፤ እግዚአብሔር ያውቃል።

«በል ተነስ፣ የዚያን ቀን እንሂድበት» አለኝ።

ምን ማለት ነው ስለው ጫማህን አድርግ አለ። ከቤቴ ደጅ ጀመርን። ያን ቀን ጠዋት ከዚህ ወጣህ፤ ወዴት ሄድክ? ወደ ማሳ። በየት በኩል? በዚህ በኩል። እሱ ጋዋኑን እንደለበሰ ከኋላዬ ይከተለኛል። እዚህ ምን አደረግክ? ቆሜ ከጎረቤት አወራሁ። አፍህ ውስጥ ምን ነበር? ምንም። ወንዙን ተሻገርን። የታላቅ ወንድሜ አጥር ጋ ደረስን። እኔ ስለ ድንበሩ እያወራሁለት ነበር። እየተራመድኩ እጄ በራሱ ጊዜ ወደ አጥሩ ማዶ ሄደና ከተንጠለጠለው ዘለላ አንድ ሙዝ ቀነጠሰ። ልጣጩን ጥዬ ግማሹን ጎርሻለሁ። ማርቆስ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«በእጅህ ያለው።»

አየሁት። «ሙዝ ነው» አልኩ።

«በዚህ በኩል በቀን ስንት ጊዜ ታልፋለህ?»

አራት ጊዜ አልኩት። ስሄድ፣ ለምሳ ስመለስ፣ እንደገና ስሄድ፣ ስመለስ። አንዳንዴ ሁለት ሁለት ነው።

«አልበላሁም አላልክም?»

«መብላት እኮ ተቀምጦ ነው» አልኩት። የምሬን ነው። እኛ ቤት ሰው በላ የሚባለው ተቀምጦ፣ እጁን ታጥቦ፣ ከሰው ጋር ሲቆርስ ነው። በመንገድ ላይ እየሄዱ ከአጥር የሚቀነጠስ ነገር ማን ይቆጥረዋል? አባቴም አልቆጠረውም። ማርታ በላህ ወይ ብትለኝ አፌ ሙዝ ሞልቶ አልበላሁም እላታለሁ፤ እሷም ምሳ ታቀርባለች።

ማርቆስ እዚያው መንገድ ላይ ቁጭ አለ። ታመመ ብዬ ደነገጥኩ። ሲስቅ ነው። ጋዋኑ አፈር ሆነ፣ መነጽሩ ወደቀ፣ እንባው በወይን ጠጅ ጣቶቹ መሃል ይወርዳል። ወንድሜ ጩኸት ሰምቶ በድንበሩ ነገር የፍርድ ቤት መጥሪያ የመጣ መስሎት ከጓሮ ሮጦ መጣ። ማርቆስ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ «ጋሼ፣ በሙዝ ልትቀደድ ነበር» አለኝ። ከዚያ ሳቁ ቆመ፤ ፊቱን አዞረና መነጽሩን ብዙ ጊዜ ጠረገ። ሲፈራ እንደነበር ያወቅሁት ያኔ ነው። አንድም ቀን አላሳየኝም።

ሁለተኛው ምርመራ በእሱ ቤት ሆነ። ማርታንም እኔንም አላመነም። አራት ቀን ከግቢው አላስወጣኝም፤ ከሥራ አስፈቀደልኝ፣ ቤቱ ጓሮ የነበረውን ሙዝ ራሱ ቆርጦ ለጎረቤት ሰጠ። ሚስቱ ያቀረበችውን ሁሉ በእርሳስ ይጽፋል። እሱም አብሮኝ ሙዝ ተወ። አንተ ለምን? ስለው፣ ፊትህ በልቼ እንዳላስጎመጅህ አለኝ። አብሬው ስኖር ያወቅሁት ነገር፣ ማታ ሲጸልይ በሽተኞቹን በስም፣ በአባት ስም፣ በአያት ስም ነው የሚጠራው። ጸሎቱ ረጅም ነው። እኔ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ውጤቱ መጣ። ንጹሕ ነው። አዲስ አበባም ሄድኩ፤ ዋሻ በሚመስል ማሽን ውስጥ አስተኝተው ሆዴን ሁሉ አዩ፤ እናት የምትባለዋ የለችም። እዚያው የበቀለ ነው፤ ወጥቷል። ሐኪሟን አገኘኋት። ትንሽ ሴት ናት፤ ወፍራም ዶክተር ጠብቄ ነበር። ያን ወረቀት የጻፈውን ዶክተር ሰላም በልልኝ አለችኝ። ዶክተር አይደለም፣ ላብራቶሪ ነው አልኳት።

ይህ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ በየዓመቱ እታያለሁ። ማርቆስ ጡረታ ወጥቶ፣ ሚስቱ ካረፈች በኋላ፣ ሃና ከተማ አስተማሪ የሆነች ልጁ ዘንድ ሄደ። እዚያም አልተቀመጠም አሉ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ እየዋለ በእስክሪብቶ የሚጽፉትን ይቆጣ ነበር።

አልዱባ ላይ በሰማሁ በሦስተኛው ቀን ለቅሶ ልደርስ ወደ ሃና ሄድኩ። መኪና እንደ ልብ የለም፤ በጭነት መኪና፣ በቆሎ ላይ ተቀምጬ ነው የደረስኩት። ሾፌሩ ከሰዓት በኋላ እመለሳለሁ፣ ከቀረህ የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ አላውቅም አለኝ። ድንኳኑ ሞልቷል። ወንጌላዊው ሟቹን የሚያውቅ ካለ ይመስክር ሲል አንድ ሁለት የመንግሥት ሰዎች ተነስተው ትጉህ ነበር፣ ታታሪ ነበር አሉ። እውነት ነው፤ ግን ስለ ማንም ይባላል። ተነሳሁ።

በጂንካ በዚያ ነገር ምክንያት ማርቆስን አንድ ወር ሙሉ አላናገርኩትም። ሃና ላይ፣ በማላውቀው ሰው ሁሉ ፊት፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ተናገርኩት። «ማርቆስ የግራ ቆለጤን ጭኑ ላይ አድርጎ አዲስ አበባ ድረስ የወሰደልኝ ሰው ነው» አልኩ። ከዚያ የሙዙን ነገር ስነግራቸው ልጁ፣ አስተማሪዋ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ሌላውም ተከተለ። ወንጌላዊው መሬት መሬት ያያል። ሁለት ዓመት ደብቄ እንደነበር፣ የደበቅሁት ሰው ይስቃል ብዬ እንደነበር፣ ይኸው ሳቃችሁ፣ እኔም አልሞትኩም አልኩና ተቀመጥኩ።

መኪናው ጥሩምባ ሲያሰማ ልጁን ተሰናብቼ ወጣሁ። ከድንኳኑ ኋላ አንድ ሰው ተከተለኝ። አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ በትር ይዟል፣ አማርኛው እንደ እኔው ካደገ በኋላ የተማረው ነው። ጎን ለጎን ሄድን። ስለ ዝናቡ ጠየቀኝ። ጂንካ እህል ደህና ነው ወይ አለኝ። ደህና ነው አልኩ። መኪናው አጠገብ ስንደርስ ወደ ሌላ ቦታ እያየ፣ «አባባ፣ ያ ያልከው ነገር፣ ያማል?» አለኝ።

«አያምም» አልኩት። «ምንም አያምም።»

ሰውየው በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። ሾፌሩ፣ ሽማግሌው ትወጣለህ ወይስ ልሂድ ብሎ ጠራኝ። ሂድ አልኩት።

ጤና ጣቢያው ስንት ሰዓት እንደሚከፈት ሰውየውን ጠየቅሁት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው አለኝ። ቤትህ ሩቅ ነው ወይ አልኩት። ሩቅ አይደለም አለኝ፤ ከዚያች ዛፍ ማዶ ነው። የእኔን ከረጢት ከእጄ ወሰደና ፊት ፊቴ ሄደ። እየሄድን ስሙን ጠየቅሁት፤ ነገረኝ። የአባትህንስ አልኩት። ነገረኝ። የአያትህንስ?